ሳይሞላ የማይነሣ ሜሞሪ

የምሠራው ድራይቨር ላይ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት መናገር ጣጣ አለው። ከሰዋችን ግማሹ ኤርፖርት ያመላልሳል፣ ሌላው ትራክ ይነዳል፤ ስለዚህ ድራይቨር ላይ እሠራለሁ ስል «ዲስፓቸር ነሽ? ሾፌር የምታሰማሪ?» ይሉኛል። አንዲት ሴትዮ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃኝ ለልጇ ደህና ሰዓት ያለው ሺፍት እንድፈልግላት ለምናኛለች። የእኔ ድራይቨር ግን መኪና አይነዳም። አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዕቃው ሲጠፋ መረሳት የሌለበትን ነገር ሜሞሪው ላይ የሚጽፍ የኮድ ቁራጭ ነው። ይህን ማስረዳት ከሥራው ስለሚብስብኝ በኋላ በኋላ «ኮምፒውተር ነው» እያልኩ መገላገል ጀመርኩ። ይኸኛውም መልስ የራሱ መዘዝ አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ፕሪንተር በተበላሸ ቁጥር የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤታችን መስሚያ ይሠራል፤ ጆሮው የከበደ ሰው ከጆሮው ጀርባ የሚያደርገውን። ማታ እንደ ስልክ ቻርጀሩ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል። ጎኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለችው፤ ድምፁ እስኪበቃ ይዞ መልቀቅ ነው። የለቀቁበትን የድምፅ መጠን መዝግቦ ጠዋት እዚያው ላይ መነሣት አለበት። ይህን የሚመዘግበው እንግዲህ ድራይቨሩ ነው።

አባዬ ጆሮው ከብዶት ነበር። እሱ ግን እንደዚያ አይልም። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ ሲያሰማ የኖረ ሰው መስማት ብዙም አልለመደም። እኛ ዘንድ ቡርንስቪል መጥቶ መኖር ከጀመረ ወዲህ ችግሩ የእሱ ሳይሆን የአካባቢው እንደሆነ ደርሶበታል።

«እዚህ አገር ሰው ድምፁን ቀንሶ ነው የሚያወራው» ይላል። «ብርዱ ነው። አፋቸውን መክፈት ይፈራሉ።»

ቴሌቪዥኑን የሚያዳምጠው ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቆ ነው። የታች ቤት ጎረቤታችን፣ አንድ ቃል አማርኛ የማያውቀው ሰውዬ፣ የአገራችን ዜና ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ያውቅ ነበር። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው «ለምን? አንቺ ጮክ ብለሽ አትናገሪም?» ይለኛል።

አዲሱ ሞዴላችን ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሠራተኞች ዘመዶቻቸውን ለሙከራ እንዲያመጡ ሲጠየቁ ዕድሉ ተገኘ። ለአባዬ ስለ ጆሮው ምንም አላነሣሁለትም። «ሥራ ላይ ሰው ቸግሮናል፣ ብታግዘኝ» አልኩት። ለራሱ ቢሆን እምቢ ይል ነበር፤ ለልጁ ሥራ ሲሆን ግን ከረባቱን አስሮ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ለካችውና ሁለቱም ጆሮዎቹ ላይ አደረገችለት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ወደ መሪው ዘንበል ብሎ «ይኼ ፍሬቻ ሁልጊዜ እንዲህ ቷ ቷ ይላል?» አለኝ። ይላል አልኩት። «ማሠራት ነበረብሽ» አለ።

ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሄደ። ቀን ቀን የአረጋውያን መዋያ ይውላል፤ እዚያ ቢንጎ ሲጫወቱ ሰው ሁሉ ስለሚንጫጫ ድምፁን ይቀንሰዋል፣ ቤት ሲመጣ ይጨምረዋል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ እንዲህ አለኝ፦

«ልጄ፣ ይኼ ዕቃችሁ ይረሳል።»

«ምኑን ይረሳል?»

«ማታ ያስተካከልኩለትን ጠዋት አያውቀውም።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«ሁልጊዜማ ቢሆን በምን ዕድሌ። አንድ ቀን ያስታውሳል፣ አንድ ቀን ይረሳል።»

«ቁልፉን በደንብ ተጭነኸዋል?» አልኩት። የመሥሪያ ቤታችን የደንበኞች አገልግሎት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ከእነሱ ስሰማው ያናድደኝ ነበር፤ ከራሴ አፍ ሲወጣ ግን በጣም ምክንያታዊ መሰለኝ።

እሱም የራሱን ምርምር ጀመረ። ቀኙን አስቀድሞ ቻርጀሩ ውስጥ ሲያስቀምጠው ያስታውሳል፣ ግራው ከቀደመ ይረሳል አለ። በሌላ ሳምንት ደግሞ ነገሩ ከአየሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ በረዶ በጣለ ማግስት ይብስበታል ወደሚል ሐሳብ አዘነበለ። እኔ ፈገግ ብዬ አዳመጥኩት። ለሙከራ ተሳታፊዎች የተላከው ገጽ ላይ ከሚስቁና ከሚያለቅሱ ፊቶች አንዱን መምረጥ ስላለብኝ፣ በእሱ ስም መሀል ላይ ያለውን፣ የማይስቀውንም የማያለቅሰውንም ፊት መረጥኩ።

ለአለቃዬም ሳልነግራት አልቀረሁም። አለቃዬ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ ሰው ማስቀየም የማትወድ ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ «ኢንተረስቲንግ» አለችኝ። እዚህ አገር አዲስ የሆነ ሰው በዚህ ቃል ይታለላል። ትርጉሙ «በቃ፣ ሰምቼሻለሁ፣ ሂጂ» ማለት ነው። ልክ ነበረች፤ ኮዱን የምንፈትንባቸው ቴስቶች በሙሉ አልፈዋል፣ ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። በአንድ በኩል ያ ሁሉ አረንጓዴ አለ፣ በሌላ በኩል የአንድ ጡረተኛ መምህር የአየር ንብረት ትንታኔ።

በዚህ መሀል የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሊያገባ ሆነ። ልጅቷ ነርስ ናት፤ ወላጆቿ ኮሎምቢያ ሃይትስ ይኖራሉ። የባለቤቴ ወላጆች አገር ቤት ስለሆኑ ሽምግልናውን አባዬ እንዲመራ ተለመነ። ተለመነ ማለት እንኳ አይቻልም፤ ወሬውን እንደ ሰማ ከረባት መምረጥ ጀምሮ ነበር። አብሮት እንዲሄድ ያጨው የመዋያ ጓደኛውን ነው። ይኸኛው ትራክ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከሞተር ጋር እየተፎካከረ ማውራት የለመደ፣ ጮክ ያለ ሰው ነው። ሦስተኛ ሽማግሌ ስላስፈለገ ከባለቤቴ ጋር የሚሠራ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ተጨመረ፤ የእሱ ሥራ ራሱን መነቅነቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ልጆቹ አዳራሹን ብሉሚንግተን ይዘው ጨርሰዋል። ይህን እኛም እናውቃለን፣ የልጅቷም ወላጆች ያውቃሉ። ሽምግልና ግን ሽምግልና ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ይሰበሰባል።

ቅዳሜ ማታ አባዬ መስሚያውን በእጁ ይዞ መጣ።

«የልጅቷ አባት ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት አሉ። ከፍ ላድርገው።»

«አድርገው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በደንብ ያዘውና ልቀቀው። ከዚያ በኋላ አትነካካው፣ ይይዛል።»

እንዳልኩት አደረገ። በኋላ እንደገባኝ፣ መስሚያው እንዲረሳ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም።

እሑድ ቅዳሴ ላይ አላደረገውም፤ ባትሪው ለትልቁ ጉዳይ ይቆጠብ አለ። ያደረገው ከሰዓት በኋላ መኪናዬ ውስጥ ሲገባ ነው። በደንቡ ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ ግን አባዬ አይነዳም፣ ጓደኛውም ጡረታ ከወጣሁ ወዲያ በረዶ ላይ መሪ አልይዝም ብሎ ምሏል። ስለዚህ ሾፌር ሆኜ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ያወራው ጓደኛው ነበርና መስሚያው ይሥራ አይሥራ የሚያስጠረጥር ነገር አልተፈጠረም። እሱን ከሁለት ፎቅ በላይ ያለ ሰውም ይሰማዋል።

በር ላይ ጫማ ማውለቅ ነበረብን። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በካልሲ ሳሎኑ መሀል ቆሙ። እኔ በሩ አጠገብ አንድ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የልጅቷ አባት ቀጭን፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ሲናገር ጸሎት የሚያደርስ እንጂ ሰው የሚያነጋግር አይመስልም።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ።

ይህን አባዬ ባይሰማም መልሱን ያውቀዋል። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማልን አንቀመጥም» አለ።

«ምን እግር ጣላችሁ?»

አባዬ ንግግሩን ጀመረ። የሚኒሶታ ወንዝ ከየት እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚጠማዘዝ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ከሚሲሲፒ ጋር ሲገናኝ ስሙን ትቶ ውኃውን እንደሚሰጥ ተናገረ። የትኛው ወገን የትኛው ወንዝ እንደሆነ አልለየም፤ ይህ ጥሩ ጥንቃቄ ነበር። ጓደኛው በየመሀሉ «እውነት ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ይነቀንቃል። በመጨረሻም «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» ብሎ ዘጋ።

የልጅቷ አባት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ መለሰ። እኔ በሩ አጠገብ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። «አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ልጅ የአንድ ቤት ብቻ አይደለችም፤ የምናማክረው ዘመድ አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትመለሱልን መልሱን እንነግራችኋለን።» ደንቡም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት ሴት ልጁን የጠላ ነው ይባላል።

አባዬን አየሁት። ያንን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ የገባው ሰው ፊት ነው፣ ምንም ሳይሰማ ሲቀር የሚያደርገው። ያየው ነገር ደረት ላይ ያረፈ እጅና የተደፋ አንገት ብቻ ነበር። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ።

«እግዚአብሔር ያክብርልን» አለ፣ የክፍል ውስጥ ድምፁን አውጥቶ። «ልጆቻችንን እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋቸው።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

አሜን እኛ ዘንድ ውሳኔ አይደለም። ምርቃት ሲወርድ አፍ በራሱ ጊዜ ይከፈታል።

«ወልደው ይሳሙ፣ ዘርተው ይቃሙ።»

«አሜን።»

«ይህን ቤት የደስታ ቤት ያድርገው።»

በዚህኛው ላይ አንገቱን እንደ ደፋ «አሜን» ያለው የልጅቷ አባት ራሱ ነበር። ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ ጆሯቸውን አቁመው የቆዩት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አባዬም ጉዳዩ ተሰምቶለታልና ተቀመጠ።

ጓደኛው መጀመሪያ አባዬን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ። ዝምተኛው ሰውዬ ነቀነቀ። የልጅቷ አባት አፉን ከፈት አደረገ፤ በዚያው ቅጽበት ሚስቱ ምግብ ይዛ፣ ሁለት አክስቶችን አስከትላ፣ እያለቀሰች ገባች። አፉን መልሶ ዘጋው። እልልታን ወደ ወጥ ቤት የሚመልስ ሰው እስካሁን አላየሁም።

መኪና ውስጥ እንደ ገባን ጓደኛው መቻል አቃተው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀጠሮ እኮ ነው የሰጡን።»

«የምን ቀጠሮ?»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ነው ያሉት።»

 «ታዲያ ለምን አሜን አሉ?»

«አንተ መረቅህ እኮ! ሰው ሲመረቅ ምን ሊል ነው?»

«አባዬ፣ አልሰማኸውም?» አልኩት።

«ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።»

«ታዲያ ለምን ድምፁን አልጨመርክም?»

«ሽማግሌ ሰው ፊት ጆሮውን ይነካካል?» አለኝ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ። «ደግሞ ትናንት ጨምሬዋለሁ። አንድ ጊዜ፣ እንዳልሽኝ።»

ወደ ቡርንስቪል ነዳሁ። አባዬ በቢንጎ ጉዳይ ሊቀልድ ይችላል፣ ስለ በረዶም ሊሳሳት ይችላል። በሽምግልና ግን እንደማይዋሽ አውቃለሁ። አጠገቤ ሆኖ መስኮቱን ሲያይ የመጣበት መዋረድ ያስታውቅ ነበር፤ በእሱ ዕድሜ ሰው ቤት ገብቶ ያልተሰጠውን ተቀብሎ መውጣት ቀላል አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ኮቴን ሳላወልቅ ኮዱን ከፈትኩ። ድራይቨሩን ለአዲሱ ቺፕ ያስተካከለው አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜና እሑድን በረዶ ቀድዶ ዓሣ ሲጠብቅ የሚውል፣ ለመናደድም ለመደሰትም የማይቸኩል ሰው።

«ቴስቱ እኮ ያልፋል» አለኝ።

«አባቴ ግን አላለፈም» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ቺፕ ከገበያ ጠፍቶ ሌላ ተክተናል። ባይት ማለት ሜሞሪ የሚሰፈርበት ትንሽ ልክ ነው። አሮጌው ቺፕ አራት አራት ባይት እየተቀበለ ይጽፍ ነበር፤ አዲሱ ስምንት ካልሞላ አይጽፍም። አንድ የድምፅ መጠን ሲመዘገብ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ባይት ነው። ባልደረባዬ ይህን አይቶ ጥሩ መላ ዘይዶ ነበር፦ የመጡትን ባይቶች መቆያ ቦታ ላይ ሰብስብ፣ ስምንት በሞላ ቁጥር ጻፍ፣ የተረፉትን የሚቀጥለው እስኪመጣ አቆይ። ከዐሥራ ሁለቱ ስምንቱ ይጻፋሉ፤ አራቱ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰውየው ቁልፉን ሁለተኛ ከነካ አራቱ ከአዲሶቹ ጋር ተደምረው ይሞላሉ፣ ሁሉም ይጻፋል። ሳይነካው ቻርጀሩ ውስጥ ከከተተው ግን ዕቃው ይጠፋል፣ አራቱም አብረው ይጠፋሉ። ጠዋት መስሚያው የተቆረጠ ጽሑፍ ያገኝና ጥሎት ከዚያ በፊት ወደነበረው ይመለሳል። ለአባዬ ከዚያ በፊት የነበረው የቢንጎው ድምፅ ነበር፤ መጨረሻ መዋያው በዋለበት ቀን ጫጫታው በዝቶበት ሁለት ጊዜ ቀንሶታል። ቴስታችንስ? ቴስታችን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነበር የሚጽፈው።

ባልደረባዬ ስክሪኑን ረጅም ሰዓት አየና «ሃ» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያን ቀን እራት ላይ አባዬ ምን እንደተገኘ ጠየቀኝ። ስለ ባይት ልነግረው ጀምሬ ተውኩትና የሚያውቀውን አመጣሁለት።

«ሚኒባስ ታክሲ አስብ። ስምንት ሰው ካልሞላ አይነሣም።»

«እሺ።»

«ዐሥራ ሁለት ሰው መጣ። ስምንቱ ሄዱ። አራቱ ሁለተኛው ታክሲ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፣ ሰው ይጠብቃሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቤቱ ገባ።»

«አራቱስ?»

«አልደረሱም።»

አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። «የእኔ ድምፅ ከአራቱ ጋር ነበር?»

«አዎ።»

«እኔን ደግሞ በደንብ ተጫን ትይኛለሽ» አለና መብላቱን ቀጠለ።

በማግስቱ መፍትሔ አገኘሁ፦ ሳይሞላ ሲቀር ባዶውን ወንበር በምንም በማይጠቅም ነገር ሞልቶ መሄድ። ጻፍኩት፣ ቴስት አደረግሁት፣ አረንጓዴ ሆነ። አለቃዬን አስፈቅጄ የአባዬ መስሚያ ላይ ጫንኩለት። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን እላይ አድርጎ አሳደረው፤ ጠዋት እላይ ነበር። ደስ አለው።

ደስታው መዋያው ውስጥ አለቀ። ቢንጎው ላይ ቀነሰው፤ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ እላይ ነው። እንደገና ቀነሰው፤ እንደገና እላይ።

«ልጄ» አለኝ፣ «ያኔ ይረሳ ነበር። አሁን ቂም ይዟል።»

ልክ ነበር። ቺፑ ስምንቱን አንድ ጊዜ ከጻፈ በኋላ ቦታውን ይዘጋዋል፤ ያለበት የሜሞሪ ገጽ በሙሉ ካልተሰረዘ ከዚያ ውስጥ ባዶ የቀረውን እንኳ አያስነካም። የእኔ ኮድ ደግሞ የሚቀጥለውን ጽሑፍ ካቆመበት ለመቀጠል እነዚያ ባዶ ወንበሮች ላይ ሰው ሊጭን ይሞክራል። ቺፑ እምቢ ይላል፣ መስሚያውም የመጀመሪያውን ይዞ ይቀራል። ከሚረሳ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ዕቃ ሠራሁ።

አባዬ በዚሁ ሳምንት ነው ለልጅቷ አባት ለመደወል የወሰነው። ከሽምግልናው ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም። «እውነቱን ነግሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ጓደኛው ነገሩን አልወደደውም፤ «ይቅርታ ስትጠይቅ እኮ አሜናችሁን መልሱ እንደማለት ነው» አለው። አባዬ ግን ደወለ። ሳሎን ቆሜ አየሁት። ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋው፣ እላይ ተቸንክሮ የቀረው መስሚያ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጭ ጀመር። ከዚያ ቀስ ብሎ ከሚናገር ሰው ድምፅና ከፉጨቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

«ስለዚያን ዕለቱ ጉዳይ…» አለ አባዬ፣ ከዚያ አዳመጠ። «እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እሺ፣ እሺ። ደስ ይለናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።» ዘጋው።

«ምን አሉህ?»

«ይቅር ብለውኛል መሰለኝ።»

ከደቂቃዎች በኋላ የልጅቷ እናት እኔ ጋ ደወለች። ባለቤቷ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ይሁን ብሎ አባዬም በደስታ እንደተቀበለ፣ አዳራሹም በአጋጣሚ በዚያው ቀን ክፍት ሆኖ እንደተገኘ ነገረችኝ። በአጋጣሚ ያለችውን ሁለታችንም እንዳልሰማን አለፍነው። ለአባዬ ስነግረው ሶፋው ላይ ተቀመጠና ሁለቱንም መስሚያዎች አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። «እኔ ከዚህ በኋላ በስልክ አላወራም» አለ።

ትክክለኛው መፍትሔ ቀላል ነበር፦ እያንዳንዱ ጽሑፍ በራሱ አዲስ ስምንት ይጀምር፣ የጎደለው ባዶ ይቅር፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንም አይጫን። ዐሥራ ሁለቱ ዐሥራ ስድስት ቦታ ይይዛሉ፤ አራቱ በከንቱ። ቀላል በመሆኑም ብዙ ስብሰባ ፈጀ። መሥሪያ ቤታችን ባዶ ወንበር አይወድም። ባልደረባዬ ገጹ ቶሎ ስለሚሞላ ቶሎ ቶሎ ይሰረዛል፣ ሜሞሪው ደግሞ መሰረዝን የሚችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው ብሎ ተከራከረ። ነጥቡ እውነተኛ ነበርና ቁጭ ብለን አሰላነው። ሰውየው ቁልፉን ከጠዋት እስከ ማታ ሲጫን ቢውል እንኳ ሜሞሪው ከመስሚያው ይቆያል፤ ከባለቤቱም ሊቆይ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ጮክ ብዬ ስናገር ሁሉም ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። አለቃዬ ራሷን ዘንበል አደረገች። ቃሏን ጠበቅኳት፤ በዚህ ጊዜ ግን «ኦኬ» አለች።

ቴስቱንም ለወጥነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ አጥፍቶ እንዲያነብ፣ ከዚያም ሌላ ጽፎ የትኛው እንደተረፈ እንዲያይ። ሞዴሉ ገበያ ሲወጣ ከለውጦቹ ዝርዝር ግርጌ ያ ሁሉ ጉዳይ በአንድ መሥመር ተጽፏል፦ አነስተኛ የአስተማማኝነት ማሻሻያ። አባዬ እንድተረጉምለት ጠይቆኝ ከሰማ በኋላ «አነስተኛ?» አለ።

መስሚያው ከዚያ ወዲህ የነገሩትን ይይዛል። የአባዬ ስም ግን ከመስተካከሉ በፊት ወጥቷል፤ ቀጠሮ የማይቀበሉ ሽማግሌ እየተባለ ወሬው ከኮሎምቢያ ሃይትስ እስከ ሴንት ፖል ተዳርሶ ሰዎች ይለምኑት ጀመር። ሁለት ቦታ ሄደ። ሁሉንም ቃል ጥርት አድርጎ ሰማ፣ ሁለቱም ቦታ ቀጠሮ ተሰጠው። አንደኛው ቤት አሁንም እያመላለሰው ነው።

ሠርጉ ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተደረገ። አባዬ ማይክ ተሰጥቶት ወንዞቹን እንደገና ሲያገናኝ፣ የልጅቷ አባት መጥቶ አጠገቤ ባለው ወንበር ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። በዚያ ጫጫታ እኔም ጠጋ ማለት ነበረብኝ። «አባትሽ ያን ዕለት ያልኩትን አልሰሙም፣ አይደል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «አልሰማም» አልኩት። «ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ መስሚያው ነው፣ እኛው የሠራነው።»

«ገብቶኝ ነበር። በስልክም ስናወራ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ልጁን አየ። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከሙሽራው እህቶች ጋር ትጨፍራለች።

«ሁለት ሳምንት ያልኩት ደንቡ ስለሆነ ነው» አለ። «እቤት ሆኜ ሳስበው ግን፣ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ሌላ ሁለት ልጠይቅ እንደነበር አወቅሁት። ከዚያም ሌላ። ያለችን አንድ ልጅ ናት። አባትሽ ባይመርቁ ኖሮ እሷ ራሷ ተጣልታኝ ትወጣ ነበር።» ቀጥሎም፣ «አሜን ማለቴን ራሴ የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው» አለ።

 «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩት፤ ቀኑን ሙሉ ስንት ሰው ያለውን።

ሚስቱ ከወዲያ ማዶ በእጇ ጠራችው። ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ፣ ሄዶ ልጁ አጠገብ ቆመ። ፎቶ አንሺው ትንሽ ወደ ግራ እንዲጠጋ ነገረው፣ ጠጋ አለ።